ለእናታችን ቤት ምን ይዘን እንግባ?

የዓመቱ ፈተና አልቆ የክረምት ዕረፍት ሲቃረብ በመኝታ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «አንተ ምን ይዘህ ልትገባ ነው? አንቺስ ለእናትሽ ምን ገዛሽ?» ባዶ እጅን ከእናት ደጃፍ መድረስ ነውር መሆኑን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ስለዚህ ከሻይና ከፎቶኮፒ የተረፈችንን ገንዘብ ይዘን መርካቶ እንወርዳለን፤ ዐይናችን የወደደውን፣ ባለሱቁም ያመሰገነውን ገዝተን እንመለሳለን። ይኽችን ጽሑፍ የምናቀርበው እኛ ከዋግ የመጣን ጥቂት ተማሪዎች ነን። ለመጻፍ ያነሣሣንም በዚህ ነገር ደጋግመን መሳሳታችን ነው።

ከመካከላችን የአንዱ ቤት ዝቋላ ነው። ዝቋላ ስንል ሸዋ ውስጥ ያለውን ባለሐይቁን ተራራ ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ የኛው ዝቋላ በዋግ ኽምራ ከሰቆጣ ወዲያ ወደ ተከዜ ቈላ የሚያዘቀዝቀው፣ ከተማው ጽጽቃ የሆነው ወረዳ ነው። ይኽ ጓደኛችን ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንደሩ ዳር የመብራት ምሰሶ ተተክሎ አይቶ ስለ ነበር፣ «እስከ ክረምት ሽቦውም ይደርሳል» ብሎ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ገዛ። መንገዱን ሙሉ በአውቶቡስ ላይ ታቅፎት ሄደ። ምሰሶው እንደ ቆመ ነበር፤ ሽቦው ግን አልደረሰም። እናቱ ምርቃታቸውን አላጓደሉበትም። ስቶቩን ወልውለው፣ ጨርቅ አልብሰው፣ ከጎታው አጠገብ አስቀመጡትና ኩራዙን ጫኑበት። እስከ ዛሬም ኩራዝ ማስቀመጫ ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው በዚያው አገር በሚያልፈው በተከዜ ወንዝ ላይ 188 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 300 ሜጋዋት ማመንጨት የሚችል ግድብ ተሠርቶ በ2002 ዓ.ም. መመረቁ ነው።

ከዚህ በኋላ ተሰብስበን ስንነጋገር የደረስንበት ሐሳብ ይኽ ነው። የዕቃ ዋጋ ሱቅ ላይ ተከፍሎ አያልቅም። ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ የሚጠይቀው ግብር አለ፤ አንዱ ውኃ ይጠይቃል፣ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ሽቦ፣ አንዱም ከከተማ በቀር የማይገኝ ጎማ። የሱቁን ዋጋ እኛ እንከፍላለን፤ ቀሪውን የምትከፍለው ግን እናት ናት፣ ወይም ጀሪካን በጀርባዋ ያዘለች ታናሽ እኅት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግን ከነካው ወዲህ ደግሞ ቤት ንብረቱን ጥሎ የተሰደደ፣ ተመልሶም የጎጆ ዕቃ ከእንስራና ከድስት ጀምሮ እንደ ዐዲስ የሚያሰባስብ ቤተሰብ አለ። እንዲህ ላለ ቤት የማይሆን ዕቃ መግዛት ቀላል ጥፋት አይደለም።

እስቲ ከሳሙና እንጀምር። ሳሙና ማለት ስብ ወይም ዘይት ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ተዋሕዶ የሚገኝ ነገር ነው። ቅንጣቱ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ጫፍ ውኃን ይወዳል፣ ሌላው ስብን ይወዳል። ስብ ወዳዱ ጫፍ በልብሱ ላይ ያለውን ቅባት ይይዛል፤ ውኃ ወዳዱ ጫፍ ደግሞ ቅባቱን ከነእድፉ ይዞት ከውኃው ጋር ይወጣል። ይኽን የኬሚስትሪ ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል። የሚዘነጋው ግን ውኃ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውኃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ፣ አረፋ በመስጠት ፋንታ እንደ ተቋጠረ ወተት ያለ ነጭ ዝቃጭ ያወጣል። ዝቃጩ በልብሱ ላይ ይጣበቅና ነጩን ሻማ አመድማ ያደርገዋል። «ይኽ ውኃ ሳሙና ይበላል» ሲባል የምንሰማው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይኽን ለመለየት ቤተ ሙከራ አያሻም። ቤት እንደ ገባችሁ የምንጩን ወይም የጉድጓዱን ውኃ በሚያሳይ ጠርሙስ እስከ ግማሹ ሙሉ፤ ከሳሙናው ጥቂት ፍቃሪ ጨምራችሁ በኃይል ናጡት። አረፋው ወፍሮ ከቆየ ውኃው ለሳሙና የተመቸ ነው። አረፋው ወዲያው ሟሽሾ ውኃው ከደፈረሰና ነጫጭ ነገር ከተንሳፈፈበት ግን፣ በዚያ ቤት ደረቅ ሳሙና መግዛት ግማሹን ለውኃው መስጠት ነው። ሁለት ምንጭ ካለ ሁለቱንም ፈትኑ፤ ለመጠጥ የሚመረጠውና ለልብስ የሚሻለው ውኃ ላይገጥም ይችላል።

በዚህ ጊዜ «ታዲያ ኦሞ ልግዛ» የሚል አይጠፋም። ኦሞ የአንድ ምርት ስም ሆኖ ሳለ ባገራችን ለዱቄት ሳሙና ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ ፈሳሹንም «ላርጎ» እንደምንለው ማለት ነው። የዱቄት ሳሙና ከሥራው ከሳሙና የተለየ ነው። ከካልሲየም ጋር እንዲያ ያለ ዝቃጭ ስለማያወጣ ሳሙና በሚበላው ውኃ ውስጥም ይሠራል፤ ይኽ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱ ከልብስ ቶሎ አለመልቀቁ ነው። እኛ ራሳችን በመኝታ ቤታችን አንድ ዐይነት ልብስ ለሁለት ከፍለን፣ አንዱን በደረቅ ሳሙና፣ አንዱን በዱቄት በሳፋ አጥበን ነበር። ሙከራችን ሳይንሳዊ ነው ብለን አንመካም፤ ነገር ግን በዱቄቱ የታጠበውን አረፋው እስኪጠፋ ለማለቅለቅ ከሌላው ይልቅ ብዙ ውኃ ፈጅቶብናል። እዚህ ቧንቧ ከፍቶ ማለቅለቅ ቀላል ነው። ዝቋላ ላይ ግን አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ነው፣ 20 ሊትር ማለትም 20 ኪሎ ነው፤ በበጋ ምንጩ ሲርቅ ያ 20 ኪሎ ዳገት ይወጣል። ስለዚህ ዱቄት የምትገዙ ከሆነ መጠኑን አስተምሩ። ልብስን የሚያነጻው የአረፋው ብዛት ነው የሚባለው ስሕተት ነው። አረፋ ለዐይን ደስ ይላል፣ ማለቅለቁን ግን ያበዛል።

ስለ ደረቁ ሳሙና አንድ ነገር እንጨምር። በገበያ የሚገኘው ርካሽ ሳሙና ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው፤ በኪሎ ስትገዙ የምትገዙት ከፊሉ ውኃ ነው። ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ገና አልደረቀም። ገዝታችሁም ከሆነ ወረቀቱን ገልጣችሁ፣ ቈራርጣችሁ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ጥቂት ሳምንት አቆዩት። የደረቀ ሳሙና በውኃ ቶሎ አይሟሽሽም። ይኽን ምክር ከማንም ፕሮፌሰር አላገኘነውም፤ ከአንዲት የሰቆጣ ነጋዴ ነው ያገኘነው።

አሁን ደግሞ ሁላችንም የምናውቀውን፣ ነገር ግን ከተማ ከገባን ወዲህ ያፈርንበትን ነገር እናንሣ። እንዶድ! በልጅነታችን የበዓል ሻማ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ሲያሹት ነጭ አረፋ ይሰጣል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባለው በፍሬው ውስጥ ያለ ነገር ነው። ለነጭ የጥጥ ልብስ ተስማሚ ነው፤ ሳሙና የሚያወጣውን ነጭ ዝቃጭም አያወጣም። ቅባት ለበዛበትና ለሱቅ ልብስ ግን ከሳሙና አይወዳደርም፤ ይኽን መደበቅ አያስፈልግም።

እንዶድን የዓለም ሳይንቲስቶች እንዲያውቁት ያደረጉት የኛው አገር ሰው ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በፈረንጅ አቈጣጠር ዐድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። ዶክተሩ ወንዙን ሲመለከቱ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በአንዳንድ የውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ ያለበት ስለ ሆነ፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር የበሽታውን መንገድ ይቈርጣል ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ዓመት የፈጀ ምርምር ተካሄደ። ከልዩ ልዩ ቦታ ከተሰበሰበው እንዶድም ዐይነት 44 የተባለው ተመረጠ። በ1989 በፈረንጅ አቈጣጠር ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ፣ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዶክተሩ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በተቋሙ ደጃፍ በየቀኑ የምናልፍ ተማሪዎች፣ ነገሩ የተጀመረው ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ነገር ግን ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ዓሣንም እንደሚገድል መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ የእንዶድ እጣቢ ከኩሬና ከከብት መጠጫ ርቆ ይደፋ። ሲወቀጥ አፍንጫንና ዐይንን ስለሚያቃጥል ፊትን መሸፈን ይገባል። እንደ መድኃኒት መጠጣቱም አደገኛ ነው። ይኽን ጠብቆ ለሚሠራበት ቤት፣ በደጁ እንዶድ እያለ ለበዓል ሻማ ኦሞ ከአዲስ አበባ ተሸክመን የምንሄድበት ምክንያት አይታየንም። እንዲያውም ከመካከላችን አንዷ «እንዶድ እንዶድ እንዳልሸት» ብላ በከተማ ሳሙና ደግማ ያጠበችው ነጠላ ጥለቱ ለቅቆ፣ እናቷ ፊት የቆመችበትን ቀን አትረሳውም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው በረኪና ነው። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ነገር ነው። እድፍን አያነሣም፤ ቀለሙን ያጠፋዋል፣ ተሐዋስያንንም ይገድላል። ለነጭ ጥጥ በጥቂቱ ይሆናል፤ ቢበዛ ክሩን ያሳሳዋል። ለበግ ጠጉር ግን ከቶ አይሆንም። ጠጉርን ስለሚያሟሟው፣ በበረኪና የተዘፈዘፈ ባና ሲወጣ ባና አይደለም። በፀሐይና በሙቀት ኃይሉ ስለሚደክም ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ ዓመት ሙሉ መስኮት ላይ የከረመው ውኃ ሊሆን ምንም አልቀረው።

በረኪናን ከአሲድ ጋር ማደባለቅ እንደማይገባ በክፍል ተምረን ነበር። ተምረንም ግን አንድ ቅዳሜ የመጸዳጃ ቤቱ ሽታ ቢያስቸግረን፣ «ሁለቱ ሲገናኙ ይበረታሉ» ብለን በረኪናውንና የመጸዳጃ ቤት አሲዱን ባንድነት ደፋነው። የወጣው ጋዝ ጉሮሯችንን አንቆ፣ ዐይናችንን አስለቅሶ ከደረጃው በታች አወረደን። ያ ጋዝ ክሎሪን ነው፤ በ1915 በፈረንጅ አቈጣጠር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኢፕር በተባለው ቦታ የጀርመን ጦር በጠላቱ ላይ የለቀቀው እሱን ነበር። ሎሚና ኮምጣጤም አሲድ ናቸውና ከበረኪና ይራቁ። ሌላው አደጋ ጠርሙሱ ነው። በረኪና በጉልት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ «ሃይላንድ» በምንለው የውኃ ጠርሙስ ተቀድቶ ነው፤ ከሜዳ ጠምቶት የመጣ ሕፃን ደግሞ ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አያውቅም። ምናልባት ቢጠጣ እንዲያስመልስ ማስገደድ አይገባም፣ ሲመለስ ሁለተኛ ያቃጥለዋልና፤ አፉን በውኃ አጉመጥምጦ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። በውኃ ጠርሙስ የተቀዳ በረኪና ለማንም ቤት ይዛችሁ አትግቡ።

የጋን ማጠቢያው ግራዋ፣ የወተት ዕቃ ማጠኛው ወይራና ጥንጁት በቦታቸው ናቸው፤ ስለነሱ እናቶቻችን ከኛ ይበልጥ ያውቃሉ፤ እናልፈዋለን።

ወደ እሳቱ እንምጣ። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚጣድ ምጣድ እሳቱን ለነፋስ ይገብራል፤ አብዛኛው ሙቀት በጎን ይወጣል፣ ጢሱም በጋጋሪዋ ደረት ይቀራል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሠርቶ ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚከበው፣ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የሚፈጀውን እንጨት እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከ1980ዎቹ ወዲህ ባገራችን የተስፋፋ ነው። በኛ አስተያየት እንጨቱ በተራቈተው ዋግ ከሚገዙት ዕቃዎች ሁሉ እንዲህ በቶሎ ዋጋውን የሚመልስ የለም። ሆኖም ሁለት ችግር አለበት። ከባድ ስለ ሆነ ከአዲስ አበባ መጫን ሞኝነት ነው፤ ሰቆጣ ወይም በቅርብ ከተማ ጠይቃችሁ ከተገኘ ከዚያ ይገዛ። ሁለተኛም ምጣድና ምድጃ ካልገጠሙ ጢሱ በክፍተቱ ይወጣል፣ ቁጠባውም ይጠፋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የእናታችሁን ምጣድ በገመድ ለኩት፤ ገመዱን ይዛችሁ ገበያ ውጡ። ባለሱቁ ቢስቅ ይሳቅ።

ለቡናና ለወጥ ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ መልካም ነው። ውስጡ ሸክላ ስለ ሆነ ሙቀት ይይዛል፤ በጋለበት ጊዜ ውኃ ከደፉበት ግን ይሰነጠቃል። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚገድል ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

መብራት ባለበት ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢገዛ አንቃወምም፤ እናት ከጢስ ትድናለችና። ነገር ግን ሒሳቡ ይታሰብ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። ይኽን ለ220 ቮልት ስናካፍለው ወደ 16 አምፔር ይሆናል። ለአንድ አምፖልና ለሬዲዮ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይኽን ያህል ማሳለፍ ሽቦውን ራሱን ምድጃ ማድረግ ነው። ቀጥታ ከቆጣሪው የሚመጣ፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ ይዘርጋለት፤ የመሬት ሽቦም ይኑረው፤ እጇ በሊጥ የረጠበ ሰው ነውና የሚነካው። ማከፋፈያ ላይ የተሰካ ምጣድ ስታዩ ንቀሉት። የሽቦው ዋጋ ከምጣዱ ዋጋ ጋር ተደምሮ ከኪሳችሁ በላይ ከሆነ፣ ምጣዱን ለሌላ ዓመት ማቆየት ይሻላል። ጣራ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የፀሐይ መብራትም ስልክና አምፖል እንጂ ካውያ አይችልም፤ ባለ 10 ዋቱ መሣሪያ ባለ 1,000 ዋቱን ካውያ ያሞቃል ብሎ የሚሸጥላችሁ ነጋዴ ካለ ሒሳብ አልተማረም፣ ወይም እናንተ አልተማራችሁም ብሏል።

ብዙ ሰው የማያስበው፣ ለደጋው ግን እጅግ የሚጠቅመው፣ እንፋሎቱን አፍኖ የሚያበስለው ባለ ክዳን ብረት ድስት ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ ባቄላና ሽምብራ ቀኑን ሙሉ እንጨት ይፈጃል። በታፈነው ድስት ውስጥ ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ ያልፋል፤ ንፍሮው ቶሎ ይበስላል። በማናቸውም እሳት ላይ ይጣዳል፣ ሽቦም አይጠይቅም። የሚጠይቀው የክዳኑን ጎማ ነው። ጎማው ሲያረጅ ሰቆጣ ላይ ላይገኝ ስለሚችል ሁለት ትርፍ ጎማ አብራችሁ ግዙ። መተንፈሻውም ከጥራጥሬው በሚወጣ አረፋ እንዳይደፈን ድስቱን ከግማሽ በላይ አለመሙላት ነው፤ እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑን መክፈትም ፊትን ማቃጠል ነው። ይኽን ለእናታችሁ ቁጭ ብላችሁ፣ አብራችሁ አንድ ጊዜ ቀቅላችሁ አሳዩ እንጂ በካርቶኑ ላይ ባለው የባዕድ ጽሑፍ አትተማመኑ።

ስቶቩን የገዛው ጓደኛችን ባለፈው ክረምት ከመነሣቱ በፊት ስልክ ደውሎ፣ «እማዬ፣ ዘንድሮ ምን ላምጣልሽ?» ብሎ ጠየቀ። በአራት ዓመት ውስጥ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር። እናቱም «ክዳኑ የማያፈስ ጀሪካን ሁለት ብታመጣልኝ፤ አንድ ወንፊት ደግሞ» አሉት። ጥቂት ዝም ብለውም፣ «አይክፋህ እንጂ ልጄ፣ ያን የስቶቭህን ገመድ ብትቈርጥልኝ ለልብስ ማስጫ ይሆነኝ ነበር» አሉ። ሄዶ ቈረጠላቸው። የአጭር ገመድ ነገር ሆኖ ለአንድ ነጠላ ብቻ ነው የበቃው፤ ጀሪካኖቹ ግን በማግስቱ ወደ ምንጭ ወረዱ።